በመንኮራኩር መሳቅ ለማን ተፈቀደ?

ሰው በሚፈራውና በሚያደንቀው ነገር ላይ መሳቅ የጀመረ ዕለት ያን ነገር በእጁ መዳሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ልጅ አባቱ ሲቈጣ እንዴት እንደሚሆን ለወንድሞቹ አስመስሎ ቢያሳይ አባቱን ንቆ አይደለም፤ አጥንቶት ነው። ተማሪም የመምህሩን አረማመድና አነጋገር ከክፍል ውጭ ሲቀዳ፣ የዚያን መምህር ጠባይ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቀው አይገኝም። ይህን መነሻ አድርጌ ዛሬ ልናገርበት የፈለግሁት ጉዳይ ብዙዎች እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚመለከቱት ነው፤ ይኸውም በጠፈር ጀብዱ ፊልሞች ላይ ስለሚቀልዱ ፊልሞች ነው።

«ስለ ጠፈር ቀልድ ለመጻፍ ጋምቤላ ምን ቦታዋ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቦታዋ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች እዘረዝራለሁ። ለጊዜው ግን ይህን ልበል፤ በዚህች በባሮ ዳር በተቈረቈረች ከተማ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠሩ ወጣቶች ማታ ማታ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበው የውጭ አገር ፊልም ያያሉ። ከሚያዩትም ውስጥ መንኮራኩር የሚበርበት፣ ከዋክብት የሚፈነዱበት፣ ጀግናው በመጨረሻው ደቂቃ ዓለምን የሚያድንበት ብዙ ነው። በዚሁ ዓይነት ፊልም ላይ የሚቀልድ ሌላ ፊልም ሲመጣ ግን ከመካከላቸው አንዱ ቅር ይለዋል። «እኛ አንድ ሮኬት ሳንሠራ በሮኬት መሳቅ ምን አገባን? መጀመሪያ እንሥራ፤ ከዚያ በኋላ እንሳቅ» ይላል። ይህ አስተያየት የቅን ሰው አስተያየት ነው። ስለዚህ መልስ ይገባዋል።

አስቀድመን የሚቀለድበትን ነገር እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆርጅ ሉካስ የተባለው አሜሪካዊ ዲሬክተር «ስታር ዎርስ» የሚባለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ ያረጀ ታሪክ ነው፤ ክፉ ንጉሥ፣ የተማረከች ልዕልት፣ ከገጠር የወጣ ወጣት፣ ምሥጢር የሚያስተምር አዛውንት። አዲስ ያደረገው ታሪኩ የተፈጸመበት ስፍራ ነው፤ ፈረሱ መንኮራኩር፣ ሰይፉ ብርሃን፣ ምሽጉ ሰው ሠራሽ ጨረቃ የሚያህል ብረት ሆነ። ፊልሙ ዓለምን ዞረ፤ ተከታዮችም ወለደ። ከፊልሙ ገቢ ሌላ በአሻንጉሊቱ፣ በካናቴራውና በምሳ ዕቃው የተገኘው ገንዘብ እጅግ ብዙ ሆነ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሜል ብሩክስ የተባለው ቀልደኛ «ስፔስቦልስ»ን ይዞ ብቅ አለ። በዚህ ፊልም ውስጥ አንዲት ፕላኔት አለች፤ መሪዎችዋ አየራቸውን አባክነው ጨርሰዋል። ፕሬዚደንቱ በቆርቆሮ የታሸገ አየር ከጠረጴዛው መሳቢያ እያወጣ በድብቅ ይተነፍሳል። አዲስ አየር ለማግኘት ያሰቡት መንገድ የራሳቸውን አየር ማጽዳት አይደለም፤ ድሩዲያ የምትባለውን የጎረቤት ፕላኔት አየር መጥጦ መውሰድ ነው። ለዚህም ሥራ መንኮራኩራቸው ወደ ግዙፍ የቤት ሠራተኛ ተለውጦ፣ የምንጣፍ አቧራ መምጠጫ በእጁ ይዞ ይቆማል። ክፉው የጦር አለቃ በጥቁር የራስ ቁር የተሸፈነ ነው፤ ነገር ግን ቁሩ ከሰውየው እጅግ ስለሚበልጥ ለመተንፈስ ፊቱን መግለጥ ግድ ይሆንበታል። በተከበረው ፊልም ውስጥ ሲተነፍስ የሚያስፈራው ዳርዝ ቬደር፣ እዚህ ትንፋሽ የሚያጥረው ትንሽ ሰውዬ ሆኖ ቀረ።

ሦስት ነገሮችን ከዚህ ፊልም ልጥቀስ። የመጀመሪያው የመንኮራኩሩ ርዝመት ነው። ፊልሙ ሲጀምር መንኮራኩሩ በተመልካቹ ፊት ያልፋል፤ ያልፋል፤ አሁንም ያልፋል፤ አያልቅም። መጀመሪያ ይደንቃል፤ ቀጥሎ ይሰለቻል፤ በመጨረሻ ያስቃል። ጭራው ሲደርስም «ለማንም ፍሬን አንይዝም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይገኛል። በባጃጃችንና በጭነት መኪናዎቻችን ጀርባ የሚለጠፈውን ጥቅስ እያነበበ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ቀልድ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የበረሃው ትእዛዝ ነው። አለቃው የጠፉትን ሰዎች ለመፈለግ «በረሃውን አበጥሩት» ብሎ ያዛል። ወታደሮቹም ሰው የሚያህል ማበጠሪያ ተሸክመው አሸዋውን ሲያበጥሩ ይታያሉ። የትእዛዙን ቃል ፈጸሙ፤ አሳቡን ግን አልነኩትም። ይህ የእንግሊዝኛ ቀልድ በአማርኛችን ሳይቀነስና ሳይጨመር መሥራቱ የሚያስደስት ነው፤ እኛም ጸጉር እናበጥራለን፣ ጉዳይም አበጥረን እናውቃለን። የመመሪያን ቃል ይዞ የመመሪያን መንፈስ የጣለ ጸሐፊ ያላየ ወጣት ባለሥልጣን ካለ ይህን ቀልድ ሊያልፈው ይችላል። ያለ ግን አይመስለኝም።

ሦስተኛው የገበያው ነገር ነው። ምሥጢር የሚያስተምረው አዛውንት በተከበረው ፊልም ውስጥ ዮዳ ነበር፤ በዚህ ፊልም ዮገርት፣ በእኛ አነጋገር እርጎ፣ ተብሏል። ይህ እርጎ ለጀግናው የዓለምን ጥበብ እገልጥልሃለሁ ብሎ ወደ ዋሻው ካስገባው በኋላ መጋረጃ ገልጦ የፊልሙ ስም የተጻፈበትን ካናቴራ፣ የምሳ ዕቃና የልጆች መጫወቻ ያሳየዋል። እውነተኛው ትርፍ እዚህ ነው ይለዋል። እንግዲህ የነገሩ ጨዋታ ይህ ነው፤ ሉካስ ፊልሙን ሲፈቅድ የጠየቀው አንድ ነገር በፊልሙ ስም አሻንጉሊት እንዳይሸጥ ነበር። በአሻንጉሊት ንግድ የቀለደው ፊልም አሻንጉሊት ሳይሸጥ ኖረ። የተቀለደበት ሰው ቀልዱን ፈቀደ፤ ቀላጁም ቃሉን ጠበቀ። በጠላትነትና በቀልድ መካከል ያለው ድንበር በዚህ ይታወቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ዓይነት ሥራ ለእኛ እንግዳ ነውን? አይደለም። ሰምና ወርቅን የፈለሰፈ ሕዝብ፣ ላይኛው ነገር ሌላ ውስጠኛው ነገር ሌላ መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል። የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚነገረው ሳቁ ብቻ ስለጣመ አይደለም፤ በሳቁ ሥር ለመኳንንቱም ለካህናቱም የሚሆን ተግሣጽ ስለነበረ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን፣ የተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ አራዊት የሚናገሩበት ኮሜዲያ ነበር፤ አራዊቱ ስለ ማን እንደሚናገሩ ግን የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ወዲያው ስለ ገባቸው ተከለከለ። አውሬ ሰም ከሆነ መንኮራኩርም ሰም መሆን ይችላል። ወርቁ ያው ሰው ነው፤ ሹመቱ፣ ፍርሃቱ፣ ስስቱና ትምክሕቱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው እናውቃለን። ዛሬ ይህን ስም ስንሰማ በአያቶቻችን የዋህነት እንስቃለን። ይሁን እንጂ ስሙ ውስጥ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ፌዝም ነበረበት። ፈረንጅ ያመጣውን ድንቅ ነገር በራሳቸው ቋንቋ ሰይመው፣ በራሳቸው ጨዋታ ውስጥ አስገቡት። የሰየሙትንም ነገር ውሎ አድሮ ተሰልፈው ገቡበት።

አሁን ወደ ራሳችን ፊልም እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምስ» የተባለ፣ ትርጉሙም ፍርፋሪ ማለት የሆነ፣ በአማርኛ የሚነገር የጠፈር ፊልም ወጣ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዲሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የተባለ፣ አዲስ አበባ የኖረ የስፓኝ ሰው ነው፤ ዋናዎቹ ተዋንያን ግን የእኛው ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። የተቀረጸውም ዳሎልንና ወንጪን በመሳሰሉ፣ ሌላ ፕላኔት በሚያስመስሉ የአገራችን ስፍራዎች ነው። ዓለም ካለፈች በኋላ፣ ሰማይ ላይ ከብዙ ዘመን በፊት ሥራ አቁሞ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሎ ይታያል። ካንዲ የሚባለው ሰው ወደዚያ መንኮራኩር ወጥቶ የመጣሁበት ነው ወደሚለው ፕላኔት መመለስ ይመኛል። ጀግና ለመሆን ያልተፈጠረ፣ ፈሪና ተጠራጣሪ ሰው ነው። በሆሊዉድ ሥርዓት እንዲህ ያለ ሰው መንኮራኩር አይሰጠውም።

በዚህ ፊልም ከሁሉ የሚያስቀው የሱቁ ነገር ነው። ከቀድሞው ዓለም የተረፉት የፕላስቲክ መጫወቻዎችና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ታላቅ ቅርስ ይሸጣሉ። ባለሱቁም እያንዳንዱን እያነሣ፣ ፊቱን ሳይፈታ፣ ታላላቅ ጦረኞች አንገታቸው ላይ ያስሩት እንደ ነበረ ያስረዳል። አንዱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችም፣ ማይክል ጆርዳን፣ እንደ አምላክ ይለመናል። ምዕራቡ ዓለም ለልጆቹ የሸጠው ርካሽ ዕቃ እዚህ ክታብ ሆነ።

ይህን አይቶ «የእኛን ድህነት ለፈረንጅ ሳቅ አቀረቡት» የሚል ሰው አለ። ዲሬክተሩ የውጭ ሰው በመሆኑ ጥያቄው ከንቱ አይደለም። እኔ ግን ሳቁ ወደ ማን እንደሚሄድ ማየት ይሻላል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረታችን በለንደን ቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ ገብቶ፣ ከአጠገቡ ትንሽ ጽሑፍ ተጽፎለት ለተመልካች ሲቀርብ ኖሯል። ያን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ዕቃው በተቀደሰበት ቤት አልኖረም፤ ድምፁ ግን የአዋቂ ድምፅ ነው። በ«ክራምስ» ውስጥ ቦታው ተገለበጠ፤ በመስተዋት ውስጥ የገባው የእነርሱ ዕቃ ነው፤ ጽሑፉን የሚያነበውም የእኛ ሰው ነው። ሳቁ በድሃው ላይ አይደለም፤ ሳያውቅ በሚያስረዳው አዋቂ ላይ ነው።

ጋምቤላ እዚህ ላይ ትገባለች። ከሰማይ የተንጠለጠለውን የዛገ መንኮራኩር ባየሁ ጊዜ የባሮ መርከብ ታሰበኝ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ፣ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ተሰጠ። በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ከካርቱም የተነሣው በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ጨውና ጨርቅ አምጥቶ ቡና ይዞ ይመለሳል። ወንዙ ሲጐድል መንገዱ ይዘጋል። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ፤ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ንግዱም ቀዝቅዞ እንደ ቀድሞው የሚመላለስ መርከብ ቀረ።

ከሩቅ የመጣ ግዙፍ ብረት፣ ሲመጣ ከተማ የሚሠራ፣ ሲቀር ከተማ የሚያስተክዝ፣ ለጋምቤላ የሲኒማ ፈጠራ አይደለም። ስለዚህ «መንኮራኩሩ መቼ ይነሣ ይሆን?» እያለ ሰማይ ሰማይ የሚያየውን የ«ክራምስ» ሰው ከሎስ አንጀለስ ተመልካች ይልቅ የባሮ ዳር ተመልካች ይረዳዋል። እውነተኛው ጥያቄም መርከቡ መቼ ይመጣል አይደለም፤ መርከቡ እስኪመጣ እኛ ምን እየሠራን ነው ነው።

ሁለተኛው የጋምቤላ ጉዳይ ይበልጥ የሚነካን ወጣት ሠራተኞችን ነው። የጠፈር ጀብዱ ፊልም ሥርዓት ይህን ይመስላል፤ ጀግናው ከመካከለኛው ዓለም ይነሣል፤ ስሙን ወደማያውቀው ፕላኔት ይደርሳል፤ ከዚያ ያሉት «ፍጥረታት» እንግዳ ልብስና እንግዳ ልማድ አላቸው፤ ሁሉም ግን በተአምር የጀግናውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ችግራቸውን እርሱ በሁለት ሰዓት ፈትቶ፣ ተመስግኖ ይሄዳል። ይህ ታሪክ ከጠፈር የመጣ አይደለም፤ የቅኝ ገዥው መንገደኛ መጽሐፍ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ የራስ ቁር አደረገ እንጂ።

አሁን አዲስ ተመራቂ የሆነ አንድ ወጣት ከደጋው ወደ ጋምቤላ ሲመደብ እንይ። ዘመድ ያለቅስለታል። የወባ መድኃኒትና አጐበር ይገዛል። አውሮፕላኑ ወርዶ በሩ ሲከፈት የሚቀበለውን ሙቀት «ከባቢ አየሩ ለሰው አይስማማም» ብሎ ለጓደኛው ይጽፋል። አኝዋውን፣ ኑዌሩን፣ መዠንግሩን፣ ኦፖውንና ኮሞውን በአንድ ቃል «የአካባቢው ሰዎች» ብሎ ይጠራቸዋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ ሰዎቹ በአማርኛ ሲያናግሩት የፊልሙ ተአምር እንደ ደረሰለት ይቈጥረዋል፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋቸው እያናገሩት መሆኑን አያስበውም። ዓመት ሙሉ ኖሮ «ማሌ» ብሎ ለኑዌር ሰላምታ መስጠት ያልለመደ፣ ባሮን አኝዋዎች ኦፔኖ እንደሚሉት ያልሰማ፣ የዝውውር ደብዳቤውን ግን በየሳምንቱ የሚጠይቅ የጠፈር ተጓዥ አለ። እርሱ ራሱን የሚያየው እንደ ጀግና ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ግን የራስ ቁሩ ከራሱ የሚበልጥ ትንሽ ሰውዬ ነው።

ይህን ሰው በስብከት ብንመክረው ይቈጣል። በመመሪያ ብናዘው በረሃውን በማበጠሪያ ያበጥረዋል። ነገር ግን ራሱን በሌላ ሰው መልክ፣ በብረት ልብስ ውስጥ ሆኖ፣ «ሕይወት ያለው ነገር አለ ወይ?» እያለ ገበያ መካከል ሲንጐራደድ ቢያየው ይስቃል። ስቆ ሳይጨርስም ያስታውሳል። ሳቅ ከተግሣጽ የሚበልጥበት ስፍራ ይህ ነው፤ ተገሣጹ ሰው ራሱ ገሣጭ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ነገር የርዝመቱ ጉዳይ ነው። ግዙፍ ነገር ሁሉ ታላቅ እየመሰለን ስንት ጊዜ ተታለልን? በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት በኪራይ ሲይዝ ዜናው በዓለም ተሰማ። ቁጥሩ እንደዚያ ፊልም መንኮራኩር በፊታችን አለፈ፤ አለፈ፤ አላልቅ አለ። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲሰርዝ የለማው ከተሰጠው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን ምክንያት አድርጎ አስታወቀ። ውሉ ሲፈረም ይህን ርዝመት አይቶ በልቡ ፈገግ ያለና «ጭራው ላይ ምን ተጽፎ ይሆን?» ብሎ የጠየቀ አንድ ወጣት ባለሙያ ኖሮ ቢሆን፣ ጥያቄው ከብዙ ጭብጨባ ይጠቅም ነበር። የራስን አየር ጨርሶ የሌላውን ለመምጠጥ መነሣትም በፊልም ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። ደን ያለበት፣ ውሃ ያለበት፣ ሰፊ መሬት ያለበት አገር ሰው ይህን ቀልድ ሲሰማ እየሳቀ ኪሱን መዳበስ አለበት።

እንግዲህ ወደዚያ ቅን ወንድማችን እንመለስ። «ሳቅ ፍላጎትን ይገድላል፤ በሮኬት የሚስቅ ወጣት ሮኬት አይሠራም» ይለናል። ይህ እውነት ሊሆን የሚችልበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዛምቢያ ነጻ በወጣችበት ዓመት ኤድዋርድ ማኩካ ንኮሎሶ የተባለ የነጻነት ታጋይና መምህር ዛምቢያውያንን ወደ ጨረቃ እልካለሁ ብሎ ወጣቶችን በበርሜል ውስጥ እያንከባለለ ማሠልጠን ጀመረ። የውጭ ጋዜጠኞች ሳቁበት። ሳቃቸው የንቀት ሳቅ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ነገሩን ዳግም የመረመሩ ጸሐፊዎች ተነሡ፤ ሰውየው ምናልባት በታላላቆቹ መንግሥታት የጠፈር እሽቅድምድም ላይ ሲቀልድ የነበረው እርሱ ይሆን? ብለው ጠየቁ። እንደዚያ ከሆነ ሳቂዎቹ የተሳቀባቸው እነርሱ ነበሩ። ሁለቱን ሳቆች መለየት የሚገባንም ስለዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሳቅ ያደቃል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሳቅ ያነቃል።

በአገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ «ዳቦ ሳይኖር ሳተላይት» እያሉ የቀለዱ ነበሩ። የዚያ ቀልድ ጉድለቱ ቀልድ መሆኑ አልነበረም፤ አለማወቁ ነበር። ሳተላይት ለእርሻ፣ ለውሃና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ የምትሰበስብ መሣሪያ ናት። በዚሁ በጋምቤላ፣ ከደቡብ ሱዳኑ ቦማ እስከ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚመላለሰው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ የት እንደሚደርስ ከተጠናበት መንገድ አንዱ፣ አንገቱ ላይ ታስሮ ከሳተላይት ጋር በሚነጋገር መሣሪያ ነው። በደንብ የሚቀልድ ሰው በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሜል ብሩክስ «ስታር ዎርስ»ን አንድ በአንድ ሳያጠና «ስፔስቦልስ»ን ባልሠራ ነበር። ስለዚህ ሳቅና ዕውቀት ተቃራኒዎች አይደሉም፤ ሳቅ ዕውቀትን ይጠይቃል።

ፍላጎትን ስለ መግደልም «ጋላክሲ ክዌስት» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ፊልም፣ ጥሩ መልስ ይሰጣል። የጠፈር ድራማ ይሠሩ የነበሩ፣ ዘመናቸው ያለፈ ተዋንያን አሉ። ውሸት ምን እንደ ሆነ የማያውቁ የሌላ ዓለም ፍጥረታት ያን ድራማ እውነተኛ የታሪክ መዝገብ መስሏቸው፣ በድራማው ላይ እንዳዩት አድርገው የሚሠራ መንኮራኩር ሠርተው ተዋንያኑን ለእርዳታ ይጠሯቸዋል። ፊልሙ በሁለቱም ይስቃል፤ በተዋንያኑ ባዶነትም በፍጥረታቱ የዋህነትም። ይሁን እንጂ ከሳቁ በታች ሌላ ነገር አለ፤ የካርቶን ቅጂ አይተው እውነተኛውን የሠሩ እነዚያ የዋሆች ናቸው። ተዋንያኑም በቀልድ የያዙትን ስም በተግባር ለመሸከም ተገደዱ። ተመልካቹ ከዚህ ፊልም ሲወጣ መንኮራኩርን ንቆ አይወጣም፤ ይበልጥ ወዶት ይወጣል።

አንድ ድንበር ግን ማኖር ያስፈልጋል። በጋምቤላ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተጠልለዋል። በክልሉ ሕዝቦች መካከልም ደም የፈሰሰባቸው ወራት አልፈዋል። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው የጠፈር ፊልም ቀልድ አይደለም። የአንዱን ጐሣ ጠባሳ፣ የሌላውን አነጋገር፣ የሦስተኛውን ረኃብ እያነሡ ማሳቅ ቀልድ አይባልም፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሳቅ ማለት ይኸው ነው። ሳቃችን የሚገባው ለራስ ቁሩ፣ ለርዝመቱ፣ ለባለሱቁ ድምፅና በማበጠሪያ ለተፈጸመው ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በእኔ አስተያየት ነገሩ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የተማሪዎች የባህልና የኪነ ጥበብ ክበቦች በአንዱ ሳምንት የተከበረውን የጠፈር ፊልም፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀልድበትን ፊልም ቢያሳዩና ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ቢወያዩ ትልቅ ትምህርት ነው። የውይይቱ ጥያቄ ሦስት ብቻ ይሁን፤ የተሳቀው በማን ላይ ነው? ሳቂው ከተሳቀበት በላይ ነው ወይስ በታች? በእኛ ዘንድ ይህን የሚመስል ማን አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ሲነሣ ክፍሉ ዝም ካለ፣ ውይይቱ በደንብ ተጀምሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ መጻፍ ነው። መንኮራኩር ለመቅረጽ የሆሊዉድ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ዳሎልን ያየ ዲሬክተር ይህን አስመስክሯል። አንድ የአኝዋ፣ አንድ የኑዌርና አንድ የመዠንግር ተማሪ ከአንድ ከደጋ ከመጣ ጓደኛቸው ጋር ተቀምጠው የሃያ ደቂቃ ኮሜዲ በየቋንቋቸው ቢጽፉ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል፣ ከሩቅ ኮከብ የመጣ የልዑካን ቡድን በባሮ ዳር ያርፋል። ሰንደቅ ይተክላል፤ ባነር ይሰቅላል፤ «የፍጥረታቱን ፍላጎት የመለየት ዐውደ ጥናት» ይከፍታል። ለሻይ ዕረፍት ይወጣል፤ አበል ይፈርማል፤ ፎቶ ይነሣል። ከሦስት ቀን በኋላ «ተልእኮው በስኬት ተጠናቀቀ» ብሎ ወደ ኮከቡ ይመለሳል። ከወንዙ ዳር ዓሣ ስታጠምድ የነበረች አንዲት ሴት ልጅም ታላቅ ወንድሟን «ምን ጠፍቷቸው ነው የመጡት?» ብላ ትጠይቀዋለች። ይህን ቢያይ የማይስቅ ዐውደ ጥናት የማያውቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ለወጣት ሠራተኞች ነው። አለቆች ሆነን በምንቀመጥበት ቀን በእኛ ላይ የሚቀለደውን ቀልድ እንደ ሉካስ ለመፍቀድ ካሁኑ እንለማመድ። አስመስሎ የሚያሳየንን ጸሐፊ ከማባረር፣ የሚያሳየው እኛን ይመስል እንደ ሆነ ማየት ይሻላል። ቀልድ የማይወድ መሥሪያ ቤት ስሕተቱን የሚሰማው ከውጭ ሰው አፍ፣ ያውም ከዘገየ በኋላ ነው።

ለዚያ ቅን ወንድማችን የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በመንኮራኩር ለመሳቅ ፈቃድ የሚሰጥ መንኮራኩር የሠራ ሰው አይደለም። ፈቃዱ የሚገኘው በማጥናትና ሳቁን ከራስ በመጀመር ነው። ሮኬቱንም እንሥራ፤ ማን ከለከለን? ነገር ግን ስንሠራው «ለማንም ፍሬን አንይዝም» የሚል ጽሑፍ ጭራው ላይ እንዳንለጥፍ፣ ከወዲሁ በዚያ ጽሑፍ መሳቅ የለመደ ትውልድ ያስፈልገናል።